የቄሱ ሁለተኛ ዓይን

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ ማን ማን እንደሆንን ግን በየተራ እናገራለሁ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ጎንደር ከተማ ቤት በመቀባት የምኖር፣ ሙያውን ከማንም ሳልማር በማየትና በማበላሸት የያዝሁ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ቤታችን ውስጥ በስፌት መኪና መጋረጃና የአልጋ ልብስ እየሰፋች ትሸጣለች። ሦስተኛዋ አንድያ ልጃችን ናት፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነበር። አራተኛዋ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ከከተማው ወጣ ባለው ፀዳ ቤት ሠርታ የሳሎኗን ግድግዳ የሰጠችን እሷ ናት። አምስተኛው የሲስተር አባት ናቸው፤ አዲ አርቃይ አጠገብ በምትገኝ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ አረጋዊ ቄስ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አካውንቲንግ ተመድባ ነበር። አንድ ዓመት ተማረች፤ ውጤቷም መጥፎ አልነበረም። ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር ግን ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰችና ፊት ለፊቴ ቆማ «አባዬ፣ እኔ የምፈልገው ሥዕል ነው። የሰው ቤት ግድግዳ መሣል፣ ቤት ማሳመር» አለችኝ። እኔ ቁጡ ነኝ። ልቆጣም አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን የምቆጣበት ምክንያት ቅንነት የጎደለው መሆኑን ራሴ አውቅ ስለነበር አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሥዕልን ንቄ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ግድግዳ ምን እንደሚያበላ አውቃለሁ። ዘመኑ ደግሞ ሰው በሩን የሚያጠናክርበት እንጂ ግድግዳውን የሚያሳምርበት አይደለም። ነገ መንገዱ ይከፈት ይዘጋ የማያውቅ ሰው ለሥዕል ገንዘብ ያወጣል ብሎ ማሰብ ለእኔ እብደት ነበር።

ስለዚህ ውል አደረግን። አንድ ዓመት ሰጠኋት። እስከ መስከረም አንድ ግድግዳ ሠርታ ባለቤቱ ከወደደው፣ ያንንም ያየ ሌላ ሰው ሁለተኛ ሥራ ከሰጣት፣ እኔ ዳግመኛ ስለ አካውንቲንግ አልናገርም። ካልሆነ ትመለሳለች። «ቃል ቃል ነው» አልኋት። «ቃል ቃል ነው» አለችኝና እጇን ዘርግታ እጄን መታችው።

አንድ ነገር ጨመርሁባት። በየቀኑ በዓይኗ ያየችውን አንድ ነገር ደብተሯ ላይ እንድትሥልና እራት ላይ እንድታሳየኝ። ከስልክ የተቀዳ አይቆጠርም። እኔ የተማርሁት እንዲህ ነው። ቀለም መቀላቀል የሚያሳየኝ ሰው ስላልነበረ መንገድ ላይ ያየሁትን ቀለም ቤት ገብቼ በቆርቆሮ ክዳን ላይ እሞክር ነበር፤ ዝናብ የመታው የባሕር ዛፍ ልጥ፣ የአህያ አፍንጫ፣ የበሰለ ኮሽም። እስከ ዛሬ ደንበኛ «ክሬም» ሲለኝ እኔ የማስበው የየትኛዋን ላም ቅቤ እንደሚፈልግ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ያመጣችልኝ ስኒና የአበባ ማስቀመጫ ነበር። «ይኼን ስኒ አገር ሁሉ አይቶታል» አልኋት። አኮረፈች። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ማራኪ ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጡን ሥላ መጣች። ጣሪያው በቀይ ከፋይ ተለብጦ፣ በየመሀሉ በወርቃማ ቁልፍ ተወግቶ፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ ተንጠልጥሎበት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሥል ረዳቱ «እህት፣ ትራፊክ ነሽ እንዴ? ትርፍ የጫንነው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ በደንብ ቁጠሪ» አላት አሉ። ቀጥሎ በዘይት ቆርቆሮ የተጣፈ የግቢ በር አመጣች፤ አራት ዓይነት ቢጫ ነበረበት፣ አራቱንም ለይታ አውጥታቸዋለች። ከዚያ የእንጨት መወጣጫ ገና ባልተቀባ ግድግዳ ላይ የጣለው ጥላ። ከዚያ የሆስፒታሉ ኮሪደር፤ ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ነጭ፣ መሀሉ ላይ ስንት ሺህ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትከሻውን አስደግፎ ያለሰለሰው መስመር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮሪደር ቀብቻለሁ፤ ያን የትከሻ መስመር ግን አላየሁትም ነበር።

ይህን አልነገርኋትም። የተመሰገነ ልጅ ይሰንፋል ብዬ አምናለሁ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውሁትም። ባለቤቴ ግን ታየኝ ነበር። «ደብተሩን ካላየህ እራቱ አይወርድልህም» አለችኝ አንድ ቀን። «ምናለ ብትነግራት? አፍህ ቀለም የነካው ይመስል።»

ሲስተር የጠራችኝ ቤቷን በሙሉ ነጭ እንድቀባላት ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል ሳሎኑ መሀል ቆማ ትልቁን ግድግዳ ታየው ጀመር። ፏፏቴ ያለበት የግድግዳ ሰዓት ሰቅላበት ነበር። «ጋሼ፣ ይኼን ሰዓት አልወደውም። ግን ካወረድሁት ግድግዳው ራቁቱን ይቀራል» አለችኝ። «ልጄ ትሥላለች» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

ልጄ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳትሥል ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ዋለች። ሲስተር ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ልጅዎ ደኅና ናት?» አለችኝ። እኔም አላወቅሁም። በኋላ ሳያት ለካ ብርሃኑ በየሰዓቱ የት እንደሚያርፍ፣ ሶፋው የት እንደሚሆን፣ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ስትጽፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ሲስተርን «እዚህ ቤት ማን ቢመጣልሽ ደስ ይልሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አባቴ» አለች ሲስተር ሳታስብ። ቄሱ በመንገዱ መዘጋት ምክንያት ከዓመት በላይ ጎንደር አልመጡም። አዲሱን ቤት አላዩትም፤ ሳይባርኩትም ሲስተር ምርቃቱን አላደርግም ብላ ነበር። ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችን። አባቷ በደብሩ በር አጠገብ ባለው የደንጊያ መደብ ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፎቶው የተነሣው ከጎናቸው ነው፤ እሳቸው ራቅ ያለ ነገር ያያሉ።

ልጄ የሣለችው እሱን ነው። የግድግዳውን የታችኛውን ሲሶ ገለባ እንደገባበት ጭቃ አደረገችው፤ ከላይ ነጭ፤ መሀሉ ላይ ያ በትከሻ የለሰለሰ መስመር። ከላይ ጠርዙን በሚኒባሱ ዘርፍ አስጌጠችው፤ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ዘርፍ እንጂ የሚኒባስ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ቄሱ በመስመሩ ላይ በጎን በኩል እየታዩ ተቀምጠዋል፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው፤ ፊታቸው ወደ መስኮቱ። «ፊት ለፊት ብሥላቸው ሰው ሁሉ ያፈጥባቸዋል፣ እሳቸውም ሰው ላይ ያፈጣሉ» አለችኝ። «እንዲህ ሲሆን ግን ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው አብሯቸው ወደ መስኮቱ ያያል።» እኔ ስቱኮውን መታሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፣ ቀለም ቀላቀልሁላት። ሌላውን ሁሉ ብቻዋን ነው የሠራችው። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ባለቤቴ ከግድግዳው ጋር የሚሄድ ነጣ ያለ መጋረጃ ሰፋችለት።

ሲያልቅ ሲስተር ሶፋው ላይ ተቀምጣ ወደ መስኮቱ አየች፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ «መንገዱ ይከፈት ብቻ» አለች። ለምርቃቱ ቀን ቤት የሚሠሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን እንደምትጠራ፣ ግድግዳውን አይተው ከወደዱት ለልጄ ሥራ እንደሚሰጧት ነገረችን። ጊዜው ሰኔ ማለቂያ ነበር። መስከረም ሁለት ወር ቀርቶታል። ልጄ በዚያ ሳምንት አልተኛችም፤ እኔም አልተኛሁም፤ ሁለታችንም ግን ደኅና እንደተኛን ጠዋት ጠዋት እንነጋገር ነበር።

እሑድ ቅዳሴ አስቀደስሁ። ሰው ሲወጣ እኔ ወደኋላ ቀርቼ የግድግዳውን ሥዕል ማየት ጀመርሁ፤ ልማዴ ነው፣ የጥንቶቹ ሠዓልያን ቀይ እንዴት አድርገው እንደሚያቆዩ ስለሚገርመኝ። ስቅለቱ ፊት ቆምሁ። ጦር የያዘው ወታደር ፊቱ ወደ ጎን ነው። አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። አጠገቡ ያሉትም እንደዚያው። ጻድቃኑ ግን ሁሉም ፊት ለፊት፣ ሁለት ሁለት ዓይን።

ልጅ ሆኜ ሁለት ዓመት የቄስ ትምህርት ቤት ነበርሁ። የኔታ አንድ ቀን በዚህ ዓይነት ሥዕል ፊት አቁመውን የነገሩን ትዝ አለኝ፤ ቅዱስ ሰው በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉ ግን በአንድ ዓይን በጎን ነው የሚሣል። ልጄ የአንድን ቄስ መልክ በገዛ ልጃቸው ሳሎን ውስጥ ከክፉዎች ጋር ሥላለች። እኔም የጭቃውን ቀለም ቀላቅዬ ሰጥቻታለሁ።

ሰኞ ከሰዓት ሲስተር ደወለች። «ጋሼ፣ መንገዱ ተከፍቷል! አባባ ደባርቅ ደርሷል፤ ነገ ጠዋት ይገባል። ረፋድ ላይ ሁላችሁም ኑልኝ።»

ባለቤቴና ልጄ ከጠዋት ጀምሮ አዘዞ ለቅሶ ቤት ነበሩ። ሲስተር ሥራ ላይ ናት፤ ቤቱ እስኪባረክም ገና አልገባችበትም ነበር። የሳሎኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ የበሩን ጠርዝ ሁለተኛ እጅ ልቀባላት ተውሼው ነበር። ኔትወርክ አልነበረም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ኔትወርክ ግን ነበረ። ስልኩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ለልጄ አልደወልሁም።

ፀዳ ሄድሁና ወንበር ላይ ወጣሁ። ፊቱን ሳየው እንደዚያ ቀን አምሮ ታይቶኝ አያውቅም። ሽፋሽፍቱ ላይ የመስኮቱ ብርሃን አርፎበታል። የልጄን ቀጭን ብሩሽ አላገኘሁትም፤ የመስኮት ጠርዝ የምቀባበትን ያዝሁ። ያሰብሁት ቀላል ነበር፤ ጉንጩን ጥቂት ወደ ውጭ ማስፋትና ሁለተኛውን ዓይን ማስገባት። ጉንጩን አሰፋሁ። ዓይኑን አስገባሁ። ወርጄ ከመስኮቱ በኩል ሳየው ደኅና መሰለኝ። ከበሩ በኩል ሳየው ግን አፍንጫው ወደ መስኮት ይሄዳል፣ አዲሱ ዓይን ግን ወደ እኔ ይመጣል። ተመልሼ ወጣሁና አነስ አደረግሁት። ይብስ አፈጠጠ። ቅንድቡን ሳወርደው የተቆጣ ሰው ሆነ፤ ሳነሣው የደነገጠ። ቀለሙ መወፈር ሲጀምር እጄን አቆምሁ። ለልጄ «ሥራ ሲበላሽ እጅ አቁም» እያልሁ ያስተማርሁ እኔ ነኝ፤ ያቆምሁት ግን ከአራተኛው ሙከራ በኋላ ነው። ብርሃኑ እንዲቀንስ መጋረጃውን ስቤ ዘጋሁትና ወጣሁ።

ማታ እነሱ ሲመለሱ ምንም አልተናገርሁም። ልጄ የነገውን ልብሷን ተኮሰች።

ማክሰኞ ረፋድ ዝናብ ያንጠባጥብ ነበር። ቄሱ ቀደም ብለው ገብተዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። ሲስተር ያስቀመጠችላቸውን ጠበል አንሥተው ከጓዳ ጀምረው ማዕዘን ለማዕዘን እየረጩ ጸለዩ። ሳሎን ሲደርሱ ጨለም ያለ ነበርና ግድግዳውን አላስተዋሉትም። እንዲያ ሆኖ ያልፋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጸሎቱ አልቆ እኛም ሁለቱ ባልደረቦቿም ምግብ ቀርቦልን እንደተቀመጥን ሲስተር ተነሣችና «አባባ፣ አሁን እይልኝ!» ብላ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ከፈተችው።

ሁለቱ ባልደረቦቿ ወደ ግድግዳው አዩና ወዲያው ወደ ሳህናቸው አዩ።

ቄሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ምነው ልጄ፣ ይኸ ሰውዬ ማን ነው?»

«አንተ ነህ እንጂ አባባ» አለች ሲስተር፤ ድምፅዋ ግን ቀጠነ።

«እኔ?» አሉና ተነሥተው ተጠጉት። ወደ ግራ ሄደው አዩት፤ ወደ ቀኝ ሄደው አዩት። «እንዲያው አንዱ ዓይኔ መንገድ ይጠብቃል፣ አንዱ ዓይኔ ወጥ ይጠብቃል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ያ መምህሩ በስልኩ ያሳየኝ እንዲህ አልነበረም» አሉ። «እሱ ሸጋ ነበር። ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው ነበር። እሱን ልይ ብዬ እኮ ነው ሊማሊሞን በዚህ ጉልበቴ የወጣሁ።»

ለካ ሲስተር ሥዕሉ ባለቀበት ቀን ፎቶ አንሥታ እዚያው ደብራቸው አጠገብ ለሚኖር አስተማሪ ልካለት፣ እሱም አሳይቷቸዋል። አይተውታል። አንዱን ዓይን አይተው ወደውታል።

ሲስተር ወደ ልጄ ዞረች። «ምነው እህቴ፣ ባለፈው ሳየው እንዲህ ነበር እንዴ?»

ልጄ ግድግዳውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ፤ እጄን ከጠረጴዛው ሥር አደረግሁት። «ላሻሽለው ብዬ ነው» አለች። «ተሳስቼ ነው። አስተካክለዋለሁ።»

ሐሰት ከተናገረች ልጅ ጋር አልበላም እያልሁ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ስለ እኔ ስትዋሽ ሰማኋት፤ የቀረበልኝንም በላሁ። ሁለቱ ባልደረቦች ሲወጡ ደረጃው ላይ አንደኛዋ «መስመሩ ጥሩ ነው፤ ፊት መሣል ግን ገና አልያዘችም» ስትል ሰማሁ። ማንም የልጄን ስልክ ቁጥር አልጠየቀም። ያን ጊዜ እንኳ ሮጬ ደርሼ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ደረጃው ስድስት እርከን ነው። አልወረድሁም።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ መጋረጃውን ከቦርሳዋ አወጣች። ለማጠብ ብላ አውርዳ አምጥታው ኖሯል። ጠርዙ ላይ የጠቆረ ቡናማ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«ይኼ ጣት የማን ነው?» አለችኝ።

«የእኔ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቅህ፣ ልጅቷ ስትዋረድ ይኼ ጣት የት ነበር?»

ልጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስለ ሁለቱ ዓይኖች፣ ስለ ጻድቅና ክፉ፣ ስለ የኔታ ነገርኋት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ለምን አልደወልህልኝም?»

«እምቢ እንደምትዪኝ አውቅ ነበር።»

«እምቢ አልልህም ነበር አባዬ። ሲስተርን እንጠይቃት ነበር የምልህ።»

ሲስተርን ብንጠይቃት አባቷ አይተው እንደወደዱት ትነግረን ነበር። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ራሴን በራሴ አስተማርሁ እያልሁ ስኮራ፣ ያልተማርሁት ሰው መጠየቅን ነው። ብቻውን የተማረ ሰው ብቻውን መወሰን ይለምድበታል፤ ጥፋቱን ግን ብቻውን አይከፍለውም። ይህን የምጽፈው ሌላ አባት ቢያነበው ብዬ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ብቻዬን ፀዳ ሄድሁ። ቄሱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲስተር ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ታስራለች። ቆሜ ነገርኋቸው። ሲስተር ጫማዋን ማሰር አቆመች። ቄሱ «ስንት ዓመት ነው የቄስ ትምህርት ቤት የቆየኸው?» አሉኝ።

«ሁለት ዓመት፣ አባ።»

«አነሰ» አሉ። «ሦስተኛውን ብትቀመጥ ኖሮ የኔታህ ቀሪውን ይነግሩህ ነበር። ያ የመቅደስ ሥርዓት ነው ልጄ። እኔ ጻድቅ ተብዬ መቅደስ አልተሣልሁ፤ ልጄ ቤት የተቀመጥሁ ሽማግሌ ነኝ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የሚያየው አንዱን ዓይኔን ነው። ሌላውን ማን ያያል? እግዜር ካላየው በቀር።» ከዚያ መቋሚያቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። «ደግሞ ይኸን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእነዚያ ለሁለቱ እንግዶች ነው የምትነግር።»

በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሄጄ ሁለቱንም አገኘኋቸው። አንደኛዋ ሳሎኗን በጅፕሰምና በመስተዋት ለሚሠራ ሰው ማክሰኞ ማታ ቀብድ ሰጥታለች። ሌላኛው ከልቡ አዘነልኝ፤ «እስቲ ክረምቱ ይውጣ ጋሼ» አለኝ። ክረምት ይውጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ።

ልጄ ፊቱን ፋቀችው፤ ስቱኮ መታች። ስቱኮ በክረምት ቶሎ አይደርቅም፤ ቢያንስ አራት ቀን ይፈልጋል። ሐሙስ ግን ወደ አዲ አርቃይ የሚሄድ መኪና ተገኘ፤ መንገዱ ነገ ምን እንደሚሆን ስለማይታወቅ ቄሱ ተሳፈሩ። የሄዱት ፊት የሌለው ሰው ግድግዳው ላይ ትተው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ፊታቸውን መልሳ ሣለችው። ሲስተር ወደደችው፤ ያየው ሁሉ ይወደዋል። እኔ ግን ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያውን የሣለው እጅ አይፈራም ነበር። ፎቶ እንዳትልክላቸው ቄሱ ራሳቸው ለሲስተር ነግረዋታል፤ «መጥቼ አየዋለሁ» ብለው። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ተዘግቷል።

ጳጉሜን ሲገባ ልጄን ጠራኋትና ውሉን አንሥቼልሻለሁ፣ ሌላ ዓመት ጨምሬልሻለሁ አልኋት። ልብሷን እያጣጠፈች ነበር። «ቃል ቃል ነው ያልኸኝ አንተ ነህ» አለች። «ሁለተኛ ሥራ አልመጣም።»

«እኔ ነኝ እንዳይመጣ ያደረግሁት።»

«አውቃለሁ። ውሉ ላይ ግን እሱ የለም።» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሲጠራ ሄደች። ባለቤቴ ለብዙ ሳምንት ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገረችኝም። አሁን ስንደውል ልጄን «ዛሬ ምን አየሽ?» እላታለሁ። «ፈተና ደርሷል አባዬ» ትለኛለች። ትሣል፣ አትሣል አላውቅም፤ ለመጠየቅም እፈራለሁ።

ወጪው እንዲህ ነው። ለሲስተር የመለስሁላት የግድግዳው ዋጋ ዐሥራ አራት ሺህ ብር። ፊቱ እንደገና ሲሠራ የገባው ስቱኮና ቀለም ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። አሻራው አልለቅ ስላለ ባለቤቴ ሌላ መጋረጃ የሰፋችበት ጨርቅ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ቄሱ ሊያዩት መጥተው ሳያዩት የተመለሱበት የደርሶ መልስ መኪና፣ ሲስተር የከፈለችው፣ አንድ ሺህ አራት መቶ። ሲደመር ሃያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር፤ ከዚያም በላይ የልጄ አንድ ዓመት።